ድንጋዩ የያዘው ሒሳብ

አያቶቻችን «ጠገራ ብር» ይሉት የነበረው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ በአገራችን ገበያ ለረዥም ዘመን ነግሦ እንደኖረ ያልሰማ የለም። ይህ ገንዘብ በአውሮፓ «ታለር» ይባላል። ስሙን ያወረሰችው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ግዛት ውስጥ የምትገኝ አንዲት የቦሄሚያ ከተማ ናት። ቼኮች ያኺሞቭ ይሏታል፤ ጀርመኖች ደግሞ «ዮአኪምስታል»፣ በእኛ አነጋገር «የኢያቄም ሸለቆ» ይሏት ነበር። በ1520 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያች ሸለቆ ብር የተመታው ገንዘብ «ዮአኪምስታለር» ተባለ። ኋላ ስሙ በሰው አንደበት አጠረና «ታለር» ሆኖ ቀረ። «ዶላር» የሚለው ስም እንኳ ከዚሁ የተወለደ ነው።

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ግን ብሩ ሳይሆን ከብሩ ጋር ይወጣ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ነው። የያኺሞቭ ቆፋሪዎች ብሩን እየተከተሉ ሲወርዱ አንድ ከባድ፣ ቅጥራን የሚመስል ድንጋይ ያጋጥማቸው ነበር። ለምንም ስለማይጠቅም ያወጡትና ይጥሉታል። ስሙንም «ፔክብሌንድ» አሉት። «ፔክ» በጀርመንኛ ቅጥራን ማለት ነው፤ መጥፎ ዕድል ማለትም ነው። በ1789 ማርቲን ክላፕሮት የተባለ የበርሊን ኬሚስት ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘ፤ ከስምንት ዓመት በፊት በተገኘችው ፕላኔት በዩራነስ ስምም «ዩራኒየም» አለው። በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ከዚሁ ከያኺሞቭ በመጣ ድንጋይ ነው። እነሆ፣ የተጣለው ድንጋይ የዓለምን ፊዚክስ ገለበጠ።

ከሂሮሺማ በኋላ ድንጋዩ የመንግሥታት ምስጢር ሆነ። ገና በ1945 መገባደጃ ቼኮዝሎቫኪያ ዩራኒየሟን ለሶቪየት ኅብረት ለመስጠት ተስማማች። ከ1948 በኋላ ደግሞ በያኺሞቭ ጉድጓዶች ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች በግዳጅ ሠሩ። አቧራውን የሚተነፍሱት፣ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ያኺሞቭ ስትዘጋ የቼኮዝሎቫኪያ ዩራኒየም ፍለጋ ወደ ሰሜን ቦሄሚያ፣ «ስትራዥ ፖድ ራልስኬም» ወደምትባል አነስተኛ ከተማ ዙሪያ ዞሮ ነበር። በዚያ ግን ማዕድኑ የሚገኘው በጠንካራ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ሳይሆን ውኃ በጠገበ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጉድጓድ የማይገባ ቆፋሪ

የአሸዋ ድንጋይ ዩራኒየም እንዴት እዚያ ሊደርስ ቻለ? መልሱ በዩራኒየም ሁለት ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ዩራኒየም ይሟሟል፤ ኦክስጅን በሌለበት ግን ይረጋል። የዝናብ ውኃ ከጥቁር ድንጋይ ወይም ከእሳተ ገሞራ አመድ ጥቂት ጥቂት ዩራኒየም እያጠበ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። በአሸዋው መካከል እየተጓዘ ሳለ የበሰበሰ ተክል ቅሪት ወይም ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን ያጋጥመዋል። እነዚህ የውኃውን ኦክስጅን ይበሉበታል፤ ዩራኒየሙም ሸክሙን አራግፎ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ይቀራል። ይህ በሚሊዮን ዓመታት ይደጋገማል። በአሜሪካ ዋዮሚንግና ቴክሳስ፣ እንዲሁም በካዛኽስታን ክምችቱ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። በቦሄሚያ ቅርጹ ቢለይም ውኃ አምጥቶ ማስቀመጡ ያው ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካም በሶቪየት ኅብረትም መሐንዲሶች አንድ ዓይነት ሐሳብ መጣላቸው። ውኃ ያስቀመጠውን ውኃ መልሶ ለምን አያወጣውም? ሰው ወደ ጉድጓድ ከሚወርድ ኬሚካል የተጨመረበት ውኃ ይውረድ። ዩራኒየሙን አሟሙቶ በሌላ ጉድጓድ ይውጣ፤ ላይ ሲደርስ ሙጫ መሰል ትናንሽ እንክብሎች ዩራኒየሙን ይያዙት፤ ውኃው ደግሞ ተመልሶ ይውረድ። የእስረኞቹን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ዘዴ እንደ ምሕረት ቢያየው አይፈረድበትም። ከመሬት በታች የሚሞት ቆፋሪ የለም፤ የሚናድ ዐለት የለም፤ ተፈጭቶ የሚከመር የድንጋይ ተራራም የለም።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቡና ስናፈላ የምናደርገው ይህንኑ ነው። የተወቀጠ ቡና ላይ ውኃ እናሳልፋለን፤ ውኃው ጣዕሙን ይዞ ይወጣል፤ አተላው ይቀራል። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ቶናው ይሳሳል፤ በረካው ደግሞ ከዚያ ይሳሳል። ከዩራኒየም ጉድጓድ የሚወጣውም ውኃ እንዲሁ መጀመሪያ ይበረታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ለማውጣት የሚደረገው ድካም ከሚገኘው ይበልጣል። አንድ ልዩነት ግን አለ። በጀበና ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ቡና ብቻ ነው። በአሸዋው ድንጋይ ውስጥ ግን ዩራኒየሙ ከሺሕ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የተረፈው ሁሉ ሌላ ነገር ነው። የዚህ የማዕድን ሥራ ታሪክ፣ እኔ እንደተረዳሁት፣ የዩራኒየሙ ሳይሆን የዚያ «ሌላ ነገር» ታሪክ ነው።

ማን አሲዱን ጠጣው?

ኬሚካሉ ሲወርድ ማን ያገኘዋል? ከዩራኒየሙ በፊት ብዙ ተሻሚዎች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው። ሎሚ በኖራ ድንጋይ ላይ ያንጠባጠበ ሰው እንዴት እንደሚፈላ ያውቃል። 1 ኪሎ ካልሳይት 1 ኪሎ የሚጠጋ ሰልፈሪክ አሲድ ይጠጣል። እንግዲህ እናስላው። በ1 ቶን የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ዩራኒየም ቢኖርና ካልሳይቱ ከመቶ 1 ብቻ ቢሆን፣ ያ ካልሳይት ብቻውን 10 ኪሎ አሲድ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዩራኒየም 20 ኪሎ አሲድ በከንቱ ይሄዳል ማለት ነው። ካልሳይቱ ከመቶ 5 ከሆነ 100 ኪሎ ይደርሳል። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። የኖራው ካልሲየም ከአሲዱ ሰልፌት ጋር ተጋብቶ ጄሶ ይሆናል፤ ጄሶውም የአሸዋውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በዋዮሚንግ ሬኖ ክሪክ በተባለ ሥፍራ በ1979 የተደረገው የአሲድ ሙከራ የወደቀው በእንዲህ ያለ መደፈን ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ሥፍራ በአሲድ ምትክ ካርቦኔት ተሞከረና ሠራ። ባለሙያዎቹ በአጠቃላይ ካርቦኔቱ ከመቶ 2 ገደማ ካለፈ አሲዱን ትተው ወደ ቢካርቦኔትና ኦክስጅን መዞርን ይመርጣሉ።

ኦክስጅን ሲወርድ ደግሞ ሌላ ተሻሚ አለ። ዩራኒየሙን ያረጋው ያው ፓይራይት አሁንም እዚያው ተቀምጧል፤ ለዩራኒየሙ የታሰበውን ኦክስጅን ይበላል። እየተበላም የያዘውን ይለቃል። አርሴኒክና ሴሌኒየም ብዙ ጊዜ ከዩራኒየሙ ጋር በአንድ ሥፍራ የረጉ ናቸውና፣ አብረው ይነቃሉ። የተጠራው አንድ፣ የመጣው ብዙ!

ሦስተኛው የሸክላ አፈር ማዕድን ነው። ሸክላ ይይዛል፤ አይለቅም። በቴክሳስ በ1975 «ክሌይ ዌስት» በተባለው ሥፍራ ይህ ሥራ በንግድ ደረጃ ሲጀመር፣ በዚያው ዘመን በአካባቢው ብዙዎች የአሞኒየም ካርቦኔት ይጠቀሙ ነበር። ዩራኒየሙ በደንብ ወጣ። ውኃውን ለማጽዳት ሲሞከር ግን አሞኒየሙ በሸክላው ገጽ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ንጹሕ ውኃ ባለፈበት ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ ለብዙ ጊዜ አስቸገረ። በመጨረሻም አሞኒየሙ ቀረና በሶዲየም ቢካርቦኔት ተተካ። ቡና የለመደ ጀበና በንጹሕ ውኃ ቢታጠብም የቡናው ሽታ እንደማይለቀው ዓይነት ነው።

ዩራኒየሙ ራሱስ? እሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ዩራኒናይት የሚባለው ቶሎ ይሟሟል። ኮፊናይት ከሲሊካ ጋር የተጋባ ነው፤ ይዘገያል። በጃፓን «ኒንግዮ» ከተባለ መተላለፊያ ስሙን ያገኘው ኒንግዮአይት ከፎስፌት ጋር የተሣሠረ ነው። መተላለፊያው በጃፓንኛ «የአሻንጉሊት በር» እንደማለት መሆኑን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ፤ ማዕድኑ ግን አሻንጉሊት አይደለም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ዩራኒየሙ ከዚርኮኒየም ጋር ተቆላልፎ ሲገኝ ነው። ያንን ለመፍታት ብርቱ አሲድና ረዥም ጊዜ ይፈልጋል።

የስትራዥ ዕጣ

አሁን ወደ ቦሄሚያ እንመለስ። በስትራዥ አካባቢ ማዕድኑ ያለው ወደ 200 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ «ሴኖማኒያን» በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ ነው። ካልሳይቱ ጥቂት በመሆኑ አሲድ የሚያዋጣ መሰለ። ዩራኒየሙ ደግሞ ዩራኒናይት ብቻ አልነበረም፤ ኒንግዮአይትና ዚርኮኒየም ያለበት «ሃይድሮዚርኮን»ም ነበረበት። እንግዲህ ድንጋዩ በአንድ እጁ «አሲድ አምጡ» ሲል በሌላው «ብርቱውን አምጡ» ይላል። መሐንዲሶቹም ሰሙት። በ1967 ተጀመረ።

በቀጣዮቹ 29 ዓመታት ወደዚያ መሬት የወረደው ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከእሱ ጋር ወደ 300 ሺሕ ቶን ናይትሪክ አሲድና ከ100 ሺሕ ቶን በላይ አሞኒያ ወርዷል። ለዚህ ሁሉ በሺሕ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት በቧንቧ ተሸፈነ። የወጣው ዩራኒየም ወደ 15 ሺሕ ቶን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዩራኒየም ወደ 260 ኪሎ አሲድ መሆኑ ነው። በካዛኽስታን ዛሬ በአማካይ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይበቃል።

ታዲያ ካልሳይቱ ጥቂት ከነበረ ያን ሁሉ አሲድ ማን ጠጣው? ብርቱ አሲድ ለረዥም ጊዜ ከተቀመጠ የሚበላው ኖራ ብቻ አይደለም። የሸክላውን ማዕድናትና ፌልድስፓርን ቀስ እያለ ያፈርሳል፤ በውስጣቸው ያለውን አሉሚኒየም ይፈታል። አሉሚኒየሙና ብረቱ በውኃው ውስጥ ሰልፌት ሆነው ይከማቻሉ። የወጣው ዩራኒየም ተቆጥሮ ወደ ሞስኮ ይላካል፤ የተፈታው አሉሚኒየም ግን በማንም መዝገብ ላይ እንደ ምርት አልሰፈረም። በድንጋዩ መዝገብ ላይ ግን ሰፍሮ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከአሲዱ ማሳ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው የአሸዋ ንብርብር ውስጥ «ሃምር» የተባለ ተራ የቁፋሮ ጉድጓድ ነበር። ሰዎች የሚወርዱበት ጉድጓድ እንዲደርቅ ውኃው ይመጠጣል። የአሲዱ ማሳ ደግሞ ውኃ ሞልቶት እንዲኖር ይፈልጋል። አንዱ ያደርቃል፣ ሌላው ያጠጣል፤ ባለቤታቸው ግን አንድ መንግሥት ነው። አሲዱ ወደ ሰዎቹ ጉድጓድ እንዳይሳብ በሁለቱ መካከል ንጹሕ ውኃ እየገፉ የውኃ ግድግዳ ማቆም ግድ ሆነ። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ሌላ ንብርብር፣ «ቱሮኒያን» የተባለው፣ ለአካባቢው ሰው የሚጠጣ ውኃ የሚሰጠው ተቀምጧል። በጉድጓዶቹ በኩል ያመለጠው ብክለት እሱንም ነካው።

በ1989 ሥርዓቱ ወደቀ። ምስጢሩ ሲገለጥ ሒሳቡም አብሮ ወጣ። በታችኛው ንብርብር ከ180 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የተበከለ ውኃ፣ በውስጡም 5 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የሟሟ ጨው ተገኘ፤ ብክለቱ ከማሳዎቹ አልፎ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቷል። በ1996 ማውጣቱ እንዲቆም ተወሰነ።

ጄበናውን ማጠብ

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ሥራ ነው። ያው ድርጅት፣ ዛሬ «ዲያሞ» የሚባለው የቼክ መንግሥት ድርጅት፣ ያወረደውን መልሶ እያወጣ ነው። የሚወጣው ውኃ በትልልቅ ማፍያዎች ይተናል፤ ከሚቀረው ብርቱ ፈሳሽ ውስጥም አሉም የተባለው ነጭ ጨው ይረጋል። አሉም ከአሉሚኒየም፣ ከአሞኒየምና ከሰልፌት የተሠራ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! አሉሚኒየሙን የሰጠው የፈረሰው የሸክላና የፌልድስፓር ማዕድን ነው፤ አሞኒየሙና ሰልፌቱ ከላይ የወረዱ ናቸው። ያ ነጭ ጨው የ29 ዓመት ሥራ በጠጣር መልኩ የተጻፈበት ሰነድ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ጨው በየአገሩ የሚያገለግለው ደግሞ ውኃ ለማጥራት ነው።

ማጽዳቱ እስካሁን አልተጠናቀቀም፤ ዕቅዶቹ እስከ 2030ዎቹ ይዘልቃሉ። ዩራኒየሙን ለማውጣት ከፈጀው ዕድሜ ይልቅ ያስከተለውን ለማጽዳት የሚፈጀው ይረዝማል። ማንም እንደ ጥንቱ ንጹሕ ይሆናል አይልም፤ ግቡ የላይኛው የመጠጥ ውኃ ለወደፊት አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። ለሶቪየት ኅብረት የሄደው ዩራኒየም ዋጋው በአንድ ዘመን ተከፍሎ አልቋል፤ የማጽጃው ወጪ ግን ያ ዩራኒየም ሲላክ ገና ያልተወለዱ ቼኮች ከሚከፍሉት ግብር የሚወጣ ነው። የቼክ የመጨረሻው የዩራኒየም ጉድጓድ፣ ሮዥና፣ በ2017 ሲዘጋ የስትራዥ ማፍያዎች አሁንም ይሠሩ ነበር።

ይህ የአንድ ወገን ሥርዓት ኃጢአት ብቻ ነው የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም። ቸልተኝነቱና ምስጢሩ የዚያ ሥርዓት ነበር፤ የማዕድኑ ጠባይ ግን ፓርቲ የለውም። በቴክሳስ ሕግና ተቆጣጣሪ ባለበት፣ ለስለስ ያለ ቢካርቦኔት በወረደበት ሥፍራ እንኳ፣ ከሥራው በኋላ ዩራኒየም ወይም ሴሌኒየም ከቀድሞው ልክ በላይ ቀርቶ የጽዳቱ መለኪያ እንዲላላ የተፈቀደላቸው ማሳዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦክስጅን አንዴ የገባበት አሸዋ ፓይራይቱና የተክል ቅሪቱ ካልተመለሰለት ዩራኒየሙን መልሶ ለማርጋት አቅም ያጣል። ውኃ በሚሊዮን ዓመታት የሠራውን ሚዛን በአሥርና በሃያ ዓመት መልሶ መሥራት ቀላል አይደለም።

ይሁንና ዘዴው አልሞተም፤ እንዲያውም አሸንፏል። ዛሬ ከዓለም ማዕድን ማውጫዎች ከሚገኘው ዩራኒየም ከግማሽ በላይ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከ2009 ጀምሮ የአንደኛነቱን ሥፍራ የያዘችው ካዛኽስታን ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በአሲድ ታሟሟለች። ለምን ቻለች? በቹ–ሳሪሱና በሲር ዳርያ ተፋሰሶች ያሉት አሸዋዎች ኖራቸው ጥቂት ነው፤ ውኃ በቀላሉ ያሳልፋሉ፤ ዩራኒየማቸውም በአብዛኛው የሚሟሟ ዓይነት ነው። ዕድሏ ያለው በድንጋዩ ውስጥ ነው። ቢሆንም በ2024 መጀመሪያ የአገሪቱ የዩራኒየም ኩባንያ «ካዛቶምፕሮም» ምርቱ ካሰበው እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የሰልፈሪክ አሲድ እጥረት ነበር። የኑክሌር ኃይል ጣቢያዎች ነዳጅ በአሸዋ ውስጥ አሲድ በሚጠጣ ማዕድን ልክ ይወሰናል ብሎ ማን ይገምታል?

እኔ የኑክሌር ኃይል ጠላት አይደለሁም፤ እስረኛ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ አቧራ እየዋጠ ዩራኒየም የሚያወጣበት ዘመን እንዲመለስም አልሻም። ሰው የማይወርድበት ማዕድን ማውጫ ደግ ሐሳብ ነው። የስትራዥ ታሪክ የሚያስተምረኝ ግን አንድ ነገር ነው። የማዕድን ውል ሲፈረም የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «ምን ያህል አለ?» የሚለው ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከእሱ ጋር ምን አለ?» የሚለው ነው። ስንት ኖራ፣ ምን ዓይነት ሸክላ፣ ስንት ፓይራይት፣ ከበላዩስ የማን የመጠጥ ውኃ? ይህን ሳይመልሱ የሚጀምሩ ሰዎች ሒሳቡን ከመሥራት አያመልጡም፤ ጊዜውን ብቻ ያስተላልፉታል። ሒሳቡን የሚሠሩት ደግሞ ሌሎች ሰዎች ይሆናሉ።